ሥራቸው አንድ፣ ዘራቸው ሌላ

አቃቂ ቃሊቲ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ በደብረ ዘይት መንገድና በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ግራና ቀኝ የተዘረጋ፣ ፋብሪካው ከመኖሪያ ቤቱ፣ መጋዘኑም ከጠላ ቤቱ ጋር ተጎራብቶ የሚገኝበት ክፍለ ከተማ ነው። በዚህ አካባቢ ከሚከናወኑት ሥራዎች መካከል ጠላ መጥመቅን፣ ጥጥ ፈትሎ ጨርቅ መሸመንን እና ከከተማዋ ቁልቁል የሚወርደውን ፍሳሽ ማጣራትን አንድ ላይ የሚያገናኝ ነገር ያለ አይመስልም፤ ይሁን እንጂ ሦስቱም ካርቦሃይድሬትን በሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ኢንዛይም ማለት ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ በሴሎቹ ውስጥ የሚሠራው፣ ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን እጅግ የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። እነዚህ ኢንዛይሞች ምን እንደሚሠሩ ከታወቀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚዛመድ፣ ማን ከማን እንደተወለደ ግን መታወቅ የጀመረው ከ40 ዓመት ወዲህ ነው፤ የተገኘውም መልስ ከተጠበቀው የራቀ ሆኗል።

ለመነሻ ያህል፣ የእንጀራው ስታርችና የጥጡ ሴሉሎስ ሁለቱም ከግሉኮስ ብቻ የተሠሩ ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። ልዩነታቸው አንዱ ግሉኮስ ከሚቀጥለው ጋር በሚያያዝበት አቅጣጫ ላይ ነው፤ በስታርች ውስጥ ያለው ማያያዣ አልፋ፣ በሴሉሎስ ውስጥ ያለው ደግሞ ቤታ ይባላል። በዚህች ትንሽ ልዩነት ምክንያት የስታርች ሰንሰለት እየተጠማዘዘ ውሃ ለመቀበል ሲመች፣ የሴሉሎስ ሰንሰለት ቀጥ ብሎ ከጎረቤቶቹ ጋር ጥብቅ አድርጎ ይተሳሰራል፤ ሰውም እንጀራውን አላምጦ ሲፈጭ፣ ከዚያው ከግሉኮስ የተሠራውን ነጠላ ሊፈጭ አይችልም። ማያያዣው ኢንዛይም ካልነካው በስተቀር እጅግ ጠንካራ ነው፤ ሴሉሎስ በውሃ ውስጥ በተራ የክፍል ሙቀት ቢተው ማያያዣዎቹ በግማሽ እስኪበጠሱ ድረስ ወደ 5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሚፈጅ ተሰልቷል። ስለዚህ በምድር ላይ የወደቀ እንጨትና ሣር ሁሉ ተመልሶ አፈርና አየር የሚሆነው፣ እህልም ምግብ የሚሆነው በኢንዛይሞቹ ብርታት ነው ማለት ይቻላል።

የዝምድናው ጉዳይ ከየትኛውም ቤተ ሙከራ ይልቅ በግልጽ የሚታየው በብቅል ላይ ነው። ለጠላ የሚሆነው ገብስ ተለቅሞና ታጥቦ ውሃ ውስጥ ካደረ በኋላ ተጠንፍፎ፣ በቅጠል ወይም በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሽፋኑ ሲገለጥ ሞቅ ያለ አየርና የእርጥብ ሣር ሽታ ይወጣል፤ ከእያንዳንዱ ፍሬ ጫፍ የወጡት ነጫጭ ሥሮች እርስ በርስ ተቆላልፈው አንዱን እፍኝ ለማንሳት ሲሞከር ሌላውም አብሮ ይነሳል። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ የደረቀው ብቅል ሲታኘክ ጥሬው ገብስ የሌለው ጣፋጭነት አለው፤ ተፈጭቶ ከጥንስሱና ከድፍድፉ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የቂጣውንና የአሻሮውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል፤ እርሾውም ያንን ስኳር ተመግቦ አልኮል ያወጣል። ያለ ብቅል ጌሾው ምሬት እንጂ ስካር አይሰጥም።

ይህንን ጣፋጭነት የሚፈጥሩት በዋናነት ሁለት ኢንዛይሞች ናቸው። አልፋ አሚሌዝ የሚባለው በደረቁ ገብስ ውስጥ የለም ሊባል በሚችል መጠን ነው ያለው፤ ፍሬው ውሃ ሲያገኝ ፅንሱ ጂበሬሊን የተባለ ሆርሞን ይልካል፣ ከልጣጩ ሥር ያሉት ሴሎችም ያንን መልእክት ተቀብለው ኢንዛይሙን እንደ አዲስ ያመርታሉ። ቤታ አሚሌዝ ግን ፍሬው ገና በእናቲቱ ዘለላ ላይ ሳለ ተሠርቶ የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ ገብሱ ሲበቅል ከታሰረበት ይፈታል። የመጀመሪያው የስታርቹን ሰንሰለት መሃል መሃሉን ይበጥሳል፤ ሁለተኛው ከጫፍ ጀምሮ ሁለት ሁለት ግሉኮስ እየቆረጠ ማልቶስ የተባለውን ስኳር ያወጣል። በአንድ ፍሬ ውስጥ አብረው ይሠራሉ፣ አንድን ሰንሰለት ይካፈላሉ፣ ስማቸውም በአንድ ፊደል ብቻ የተለየ እስኪመስል ይቀራረባል፤ ይህን ያየ ሁሉ መንታ ናቸው ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ዝምድና የላቸውም፤ ቢያንስ በሚቆጠር ትውልድ ውስጥ የላቸውም። ፕሮቲን ማለት ሃያ ዓይነት አሚኖ አሲዶች በተወሰነ ቅደም ተከተል የተሰኩበት ሰንሰለት ሲሆን፣ የሁለቱ አሚሌዞች ቅደም ተከተል ጎን ለጎን ሲነጻጸር ከአጋጣሚ የሚያልፍ መመሳሰል አይታይበትም። የአቆራረጣቸው ስልትም የተለያየ ነው። ዳንኤል ኮሽላንድ የተባለው አሜሪካዊ ባዮኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳመለከተው፣ የስኳር ማያያዣ በሁለት መንገድ ሊቆረጥ ይችላል፦ ወይ ኢንዛይሙ ራሱ ለጊዜው ከስኳሩ ጋር ተጣብቆ በሁለት ደረጃ ይለቀዋል፣ በዚህም ጊዜ የተቆረጠው ጫፍ የቀድሞ አቅጣጫውን ይዞ ይቀራል፤ ወይም ውሃ በአንድ ጊዜ ከጀርባ ገብቶ ማያያዣውን ይበጥሰዋል፣ አቅጣጫውም ይገለበጣል። አልፋ አሚሌዝ የመጀመሪያውን፣ ቤታ አሚሌዝ ሁለተኛውን መንገድ ይከተላል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከብቅሉ የወጣው ማልቶስ ወደ እርሾው ሴል ሲገባ በእርሾው ማልቴዝ ለሁለት ይከፈላል፤ ይህ ኢንዛይም ከአልፋ አሚሌዝ ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጅ ነው። እርሾው ሳይጨርሰው በጠላው ውስጥ የቀረው ማልቶስ ደግሞ በጠጪው ትንሹ አንጀት ውስጥ በሰው ማልቴዝ ይከፈላል፤ ይኸኛው ግን ከእርሾው ማልቴዝ ጋር የማይገናኝ፣ የሌላ ቤተሰብ ተወላጅ ነው። ሻጋታዎች ስታርችን ወደ ግሉኮስ የሚለውጡበት ግሉኮአሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም እንደገና ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ መሠረት አለው። አንድ ሥራ፣ ሦስት ዘር።

ይህ ሁሉ ለብዙ ዘመን የተሰወረበት ምክንያት የአሰያየም ልማድ ነው። ኢንዛይሞች በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥር የተሰጣቸው በሚሠሩት ሥራ ነበር፤ ማልቶስን የሚከፍል ሁሉ፣ ከእርሾ ይምጣ ከሰው፣ አንድ ቁጥር ይጋራል። ፈረንሳዊው ተመራማሪ በርናር ኦንሪሳ ግን ከሥራቸው ይልቅ አወቃቀራቸውን ተመለከተ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረቦቹ ጋር ሴሉሎስን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው በስድስት ቤተሰብ ከመደበ በኋላ፣ በ1991 ሥራውን አስፍቶ በወቅቱ ቅደም ተከተላቸው ይታወቅ የነበሩትን 301 ስኳር ቆራጭና ተዛማጅ ኢንዛይሞች አነጻጸረ፤ ከእነርሱም 291ዱ በ35 ቤተሰቦች ሊሰደሩ ቻሉ። ዛሬ በማርሴይ ከተማ በሚመራው ካዚ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ የቤተሰቦቹ ብዛት ከ180 አልፏል። የገብሱ አልፋ አሚሌዝና የእርሾው ማልቴዝ ቤተሰብ 13፣ ቤታ አሚሌዝ ቤተሰብ 14፣ የሻጋታው ግሉኮአሚሌዝ ቤተሰብ 15፣ የሰው አንጀት ማልቴዝ ቤተሰብ 31 ናቸው።

የዚህን አመዳደብ መንፈስ ለመረዳት ለጋብቻ ሲፈላለጉ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩ ሽማግሌዎችን ማስታወስ ይረዳል፤ ሽማግሌዎቹ ሁለቱ ወገኖች ሁለቱም ሸማኔ ናቸው ወይስ አይደሉም ብለው አይጠይቁም፣ የሚጠይቁት የማን የልጅ ልጅ እንደሆኑ ነው። ልዩነቱ የኢንዛይም ዘር ቆጠራ ከሰባት ቤት በላይ፣ መቶ ሚሊዮኖችና ቢሊዮኖች ዓመታትን ወደ ኋላ የሚሄድ መሆኑ ነው። በዚያ ርቀት የአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል በየትውልዱ እየተቀየረ ስለሚደበዝዝ ለምስክርነት አይበቃም፤ የፕሮቲኑ የታጠፈ ቅርጽና ማያያዣውን የሚቆርጡት የጥቂት አሚኖ አሲዶች አቀማመጥ ግን ብዙ ዘመን ይቆያሉ። ስለዚህ በቅደም ተከተል ተራርቀው በቅርጽና በአቆራረጥ ስልት የሚገጥሙ ቤተሰቦች ጎሳ በሚባል ሰፋ ያለ ክፍል ይጠቃለላሉ። ለምሳሌ የመጀመሪያው ጎሳ ከ20 በላይ ቤተሰቦችን ይይዛል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። አልፋ አሚሌዝም ቤታ አሚሌዝም በቅርጻቸው በርሜል ናቸው፤ ስምንት ቀጥ ያሉ ዘርፎች በውስጥ በኩል ክብ ሠርተው ሲቆሙ ስምንት ጥምዝ ዘርፎች ከውጭ ይከቧቸዋል። ይህ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1975 ከዶሮ ጡንቻ በተገኘ ኢንዛይም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ከሚታወቁት ኢንዛይሞች በአሥረኛው ገደማ ላይ ተገኝቷል። ታዲያ በርሜል ሁሉ ከአንድ አባት ተወለደ ማለት ነው ወይስ በርሜል መሆን ለፕሮቲን የሚመች ስለሆነ ብዙዎች በየራሳቸው ደረሱበት? እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ ጥናት ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ከሚሠሩ ሁለት በርሜሎች ተነስቶ፣ ቅርጹ በግማሽ በርሜል እጥፍ መሆን እንደተፈጠረ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አቅርቧል፤ ይህም አንድ ምንጭ አለ ለሚሉት ወገኖች ክብደት ይሰጣል። ሆኖም የጋራ አያት ቢኖር እንኳን ተክል፣ እንስሳና ባክቴሪያ ሳይለያዩ በፊት የኖረ ስለሚሆን፣ የበርሜል ቅርጽን ብቻ ይዞ ሁለቱን አሚሌዞች ዘመድ ማለት ከማስረጃው ቀድሞ መሮጥ ነው።

አልፋ አሚሌዝ ከጠላ ጋን ወጥቶ ወደ አቃቂ የጨርቃ ጨርቅ ሥራም ይገባል። ድር በመሸመኛው ላይ በየምቱ ስለሚታሽ እንዳይበጠስ አስቀድሞ በስታርች ሙጫ ይለበጣል፤ ከተሸመነ በኋላ ግን ያው ሙጫ ቀለም እንዳይገባ ስለሚከለክል መውጣት አለበት። ጨርቁ የባክቴሪያ አሚሌዝ ባለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ስታርቹም ተቆራርጦ ይታጠባል። ሥራው መጠናቀቁ የሚረጋገጠው በአንድ የአዮዲን ጠብታ ነው፤ ጠብታው ጨርቁ ላይ አርፎ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ስታርች ቀርቷል፣ ቢጫ ሆኖ ከቀረ ጨርቁ ጸድቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጥጡ ራሱ፣ ከዚያው ከግሉኮስ የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ አንድም ጭረት አይደርስበትም፤ የአሚሌዙ መቁረጫ ስንጥቅ ጥምዝምዙን የአልፋ ሰንሰለት እንጂ ቀጥ ያለውን የቤታ ሰንሰለት አይቀበልምና።

ጥጥን የሚበሉት ሌሎች ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በሰለሞን ደሴቶች የሰፈረው የአሜሪካ ጦር የጥጥ ድንኳኖቹ እየበሰበሱ አስቸገሩት፤ ከበሰበሰው ሸራ ላይ የተገኘው ሻጋታ ትራይኮደርማ ሪሲ የሚባለው ሲሆን፣ ዛሬ በፋብሪካ ደረጃ ለሚመረተው ሴሉሌዝ የሚያገለግሉት የዚህ ሻጋታ ዝርያዎች ሁሉ ለማለት ይቻላል ከዚያው ናሙና የወረዱ ናቸው። ሻጋታው ሴሉሎስን ሰንሰለቱን ተከትሎ የሚያፈርስባቸው ሁለቱ ዋና ኢንዛይሞቹ እርስ በርስ ዝምድና የላቸውም፤ አንዱ የቤተሰብ 7፣ ሌላው የቤተሰብ 6 ነው፤ አንዱ ከሰንሰለቱ በአንደኛው ጫፍ፣ ሌላው ከተቃራኒው ይነሳል። የቤተሰብ 7 የቅርብ ጎሳ ዘመዶች በአንጻሩ በባሕር አረም ስኳር ላይ የሚሠሩ ኢንዛይሞች ናቸው። በቃሊቲው የፍሳሽ ማጣሪያ ውስጥ ወረቀትና የአትክልት ልጣጭ የሚያፈርሱት ባክቴሪያዎችም ይህን ሥራ የሚሠሩት ከተለያዩ ቤተሰቦች በተዋጣ የኢንዛይም ስብስብ ነው። ሴሉሎስን መቁረጥ በተፈጥሮ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የተፈለሰፈ ሙያ ነው፤ የሴሉሌዝ ቤተሰብ የሚባል አንድ ቤተሰብ ኖሮም አያውቅ።

የዘር ቆጠራው ራሱም ይታረማል። ቤተሰብ 61 ተብሎ ለዓመታት ከስኳር ቆራጮች ጋር ሲቆጠር የነበረው ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተሙ ጥናቶች ሴሉሎስን በውሃ ሳይሆን በመዳብና በኦክስጅን አማካይነት እያቃጠለ የሚበጥስ ሆኖ ተገኘ፤ በዚህም ምክንያት ከመዝገቡ ወጥቶ በሌላ ክፍል ተመዘገበ። ሥራው ከሌሎቹ ጋር አንድ ስለነበር ብቻ ቤተሰብ ተደርጎ መቆየቱ፣ ሥራ ተከትሎ የመመደብ ልማድ አዲሱን ሥርዓት እንኳ እንዳልለቀቀው ያሳያል።

ከአቃቂ በደብረ ዘይት መንገድ ቁልቁል ሲወረድ የቢሾፍቱ የእሳተ ገሞራ ሐይቆች ይገኛሉ፤ ከእነርሱ አንዱ አረንጓዴ ሐይቅ ሶዳ የበዛበት፣ ስፒሩሊና በሚባሉት ጥቃቅን ፍጥረታት ቀለሙን ያገኘ ነው። ወደ ደቡብ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ሲቀጠል አብያታ፣ ሻላና ጪቱ ይከተላሉ። የነዚህ ሐይቆች ውሃ ሳሙና እስኪመስል አልካላይ በመሆኑ ተራ ኢንዛይም ቅርጹን አጥቶ ይበላሽበታል፤ በዚያ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ወደ ውጭ የሚለቋቸው ኢንዛይሞች ይህን መቋቋም አለባቸው። የማይክሮባዮሎጂ ተመራማሪዎቹ አማረ ገሠሠና ብርሃኑ ጋሼ ከኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቅ ያገኙትን ዛይላኔዝ የሚያመርት ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ለዓለም ሳይንስ አስተዋወቁ፤ በቀጣዩ ዓመት አማረ ሙቀትንና አልካላይን የሚቋቋሙ ሁለት ዛይላኔዞችን አጣርቶ ባሕርያቸውን አሳተመ። ዛይላኔዝ ማለት ከሴሉሎስ ጋር በገለባና በእንጨት ውስጥ የሚገኘውን ዛይላን የተባለ የስኳር ሰንሰለት የሚቆርጥ ኢንዛይም ሲሆን፣ ወረቀት በብዙ ክሎሪን ሳይነጣ እንዲጠራ ለማድረግ ስለሚረዳ በኢንዱስትሪ ይፈለጋል።

ይህን ፈር ተከትሎ ጋሻው ማሞ በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር፣ ከኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሶዳ ሐይቅ የተገኘ ባሲለስ ሃሎዱራንስ ኤስ 7 የተባለ ባክቴሪያ ዛይላኔዝን አጠና። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የኢንዛይሙ ቅርጽ፣ የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ አንድ አምስተኛ ገደማ በሆነ ርቀት ያሉ ነገሮችን እስከ መለየት በሚደርስ ጥራት፣ የቤተሰብ 10 ተራ በርሜል መሆኑን አሳየ። ከሌሎች የቤተሰቡ አባላት የሚለየው በገጽታው ላይ ነው፤ ውጫዊ ገጹ አሲዳማ አሚኖ አሲዶች ስለበዙበት አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ተጭኖበታል፣ የመቁረጫው ስንጥቅም ጠለቅ ይላል። ተመራማሪዎቹ ሌሎች ዛይላኔዞችንም አነጻጽረው፣ የአሉታዊው ሙል ድርሻ በጨመረ ቁጥር ኢንዛይሙ ይበልጥ አልካላይ በሆነ ውሃ እንደሚሠራ አረጋግጠዋል። ይህ በዘር ቆጠራው ውስጥ ሁነኛ ምስክርነት ነው፤ ሐይቁ አዲስ ቤተሰብ አልፈጠረም፣ የነበረውን ቤተሰብ ቆዳ ብቻ ቀየረ። በ2001 ማርቲንስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በነዚሁ ሐይቆች ላይ ስታርች የሚቆርጡ ባክቴሪያዎችን አጥንተው ነበር፤ ከነዚህ ዓይነቶቹ ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ የሚያመርቱት የቤተሰብ 13 አባል ስታርቹን ቆርጦ እንደመልቀቅ ጫፍና ጫፉን ገጥሞ ቀለበት የሚሠራ ነው።

ቤተሰብ 13 በእርግጥ ከሁሉም ይልቅ ጉደኛው ነው። ከአባላቱ መካከል ስታርችን የሚቆርጡ እንዳሉ ሁሉ፣ በስታርች ላይ ቅርንጫፍ የሚሠሩ፣ ማለትም የሚገነቡ አሉ። ከዚህም አልፎ ጭራሽ ኢንዛይምነታቸውን የተዉ ልጆች አሉት፤ በሰው ኩላሊት ውስጥ ሲስቲን የተባለውን አሚኖ አሲድ ከሽንት ወደ ደም የሚመልሰው በር አካል የሆነ አንድ ፕሮቲን፣ በቅርጹ የአልፋ አሚሌዝ ዘመድ ሲሆን ስኳር የመቁረጥ ችሎታው ጠፍቶበታል። ይህ ፕሮቲን በዘረ-መል ጉድለት ሲበላሽ ሲስቲን በሽንት ውስጥ ይጠራቀምና የኩላሊት ጠጠር ይሠራል። የብቅሉ ጣፋጭነትና የኩላሊት ጠጠሩ ሕመም ከአንድ አያት መውጣታቸውን ሥራቸውን ብቻ አይቶ የሚገምት አይኖርም።

ከዚህ የማይተናነስ ታሪክ በአንድ ኩባያ ወተት ውስጥም አለ። የወተት ስኳር ላክቶስ የሚሠራው በላም ጡት ውስጥ አልፋ ላክታልቡሚን በተባለ ፕሮቲን ረዳትነት ነው፤ ይህ ፕሮቲን የላይሶዛይም ዘመድ፣ የቤተሰብ 22 ተወላጅ ነው። ላይሶዛይም በእንባና በእንቁላል ነጭ ውስጥ ሆኖ የባክቴሪያን የስኳር ግድግዳ የሚያፈርስ፣ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1922 ያስተዋወቀው፣ ቅርጹም በ1965 ከኢንዛይሞች ሁሉ ቀድሞ የታየ ነው። በላም ጨጓራ ደግሞ ያው ላይሶዛይም ከሣሩ ጋር የተላኩትን ባክቴሪያዎች ወደ ምግብነት ይለውጣል። አፍራሽ ከነበረ ቤተሰብ የወጣ ልጅ ስኳር ሠሪ ሆነ ማለት ነው።

ላክቶሱን በጠጪው ትንሹ አንጀት ውስጥ የሚከፍለው ላክቴዝ ግን የቤተሰብ 1 አባል ነው። ከዘመዶቹ ብዙዎቹ በተክሎች ውስጥ ይገኛሉ፤ ሰናፍጭ ሲፈጭና ውሃ ሲነካው አፍንጫን የሚወጋውን ሽታ የሚያወጣው ሚሮሲኔዝ፣ እንዲሁም ገና የበቀለ ማሽላ ከብት ሲበላው መርዛማውን ሲያናይድ የሚለቀው ኢንዛይም የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። እርጎ ከሚያረጉት ባክቴሪያዎች አንዳንዶቹ ላክቶስን በቤተሰብ 1 ኢንዛይም፣ ሌሎቹ በቤተሰብ 2 ኢንዛይም ይከፍላሉ፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ግን የአንድ ጎሳ፣ ከላይ የተጠቀሰው የበዛው ጎሳ፣ አካል ናቸው፤ ዛይላኔዙ ቤተሰብ 10ም በዚያው ውስጥ ይገኛል።

ላክቴዝ በአብዛኛው የሰው ዘር ውስጥ ከጡት መጣል በኋላ ይቀንሳል፤ በአንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ ግን እስከ ሽምግልና ይዘልቃል። በአውሮፓ ይህ የሆነው በአንድ የታወቀ የዘረ-መል ፊደል ለውጥ ሲሆን፣ ለውጡ ያለው በላክቴዙ ዘረ-መል ውስጥ ሳይሆን ከእርሱ ወደ 14,000 ፊደላት ያህል ርቆ፣ በጎረቤቱ ዘረ-መል ውስጥ ባለ ማዘዣ ላይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው በቀለ ተሳታፊ የሆኑበትና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት በኢትዮጵያ ያገኘው ሌላ ነው፤ አንድ ለውጥ ሁሉንም ጠራርጎ አልያዘም፣ ይልቁንም በአገሪቱ ውስጥ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን ይገኛሉ፣ በአንድ ሕዝብ ውስጥ እንኳ ከአንድ በላይ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። ለውጦቹ በየራሳቸው የተነሱ ቢሆኑም በቁጥር 13,907፣ 13,915 እና 14,009 የሚታወቁትን ጨምሮ ዋና ዋናዎቹ የሰፈሩት በዚያው ማዘዣ ላይ፣ ከ110 በማይበልጡ ፊደላት ክልል ውስጥ ነው።